አራተኛው ከደቡብ

እህቴ ቬርና ባሏን በቀበረች በሰባተኛው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ዳላስ ሄደች። ሂጂም አትሂጂም አላልኳትም። ኸርሼል ከሞተ ወዲህ ለቬርና ምንም ብትነግሯት ትሰማለች፣ «እሺ» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ የሰማች አትመስልም። አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት ጎረቤቶቻችን ያመጡትን ሩዝና ቋሊማ፣ የዶሮ ወጡን፣ ኬኩን ሁሉ ራሷ እየዞረች ለሰው ታቀርብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳህኖቹን አጥባ፣ ከሥራቸው የተለጠፈውን ስም እያየች ለየባለቤታቸው መለሰች። «ትንሽ ማረፍ የለብሽም?» ብላት «ከምኑ?» አለችኝ።

ዳላስ የሄደችው ለሥራ ነው። ቬርና እዚሁ ሉዊዚያና በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሃያ ሁለት ዓመት የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆና ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ከዚያ በኋላ ለዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት) ጥሎ ማለፍ የሚገቡትን አሥራ ሁለት ቡድኖች የሚመርጠው ኮሚቴ አባል አደረጓት። አሥራ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ ያያሉ፣ ከኖቬምበር ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ሆቴል ውስጥ ተዘግተው ይነጋገራሉ፣ በዲሴምበር መጀመሪያ እሑድ ስሞቹ በቴሌቪዥን ይነገራሉ። የዚያን እሑድ እኛ ዘንድ ቄሱም ስብከቱን ያሳጥራል።

በዚያ ዓመት የነበረው ጭቅጭቅ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተቧድነው የሚጫወቱባቸው ማኅበሮች አሉ፤ ኮንፈረንስ እንላቸዋለን። የእኛው የደቡቡ ኮንፈረንስ ከሁሉም ኃይለኛው ነው፤ እኛ እንደዚያ ነው የምንለው መቼም። ከእሱ ሦስት ቡድኖች ያለ ክርክር ገብተዋል። ከሌሎቹም ተጨምረው አሥራ አንዱ ቦታ ሞላና አንድ ቀረ። ለዚያች ለአንዷ ቦታ ሁለት ቡድን ቀረበ። አንዱ ከኛው ኮንፈረንስ አራተኛ የሚሆነው ፔልሃም ስቴት ነው፤ ዘጠኝ አሸንፎ ሦስት ተሸንፏል። ሌላው ከሞንታና ተራሮች የመጣ፣ ቢተርሩት ስቴት የሚባል፣ የሰሜኑ ትንሽ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ነው፤ አሥራ ሁለት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፏል። ፔልሃምን ያሸነፉት ኃያላን ናቸው። ቢተርሩት ያሸነፋቸውን ግን ማንም አያውቃቸውም። እና ለአንድ ኮንፈረንስ አራት ቡድን ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ፀጉር ቤት ብትገቡ እሱ፣ ነዳጅ ማደያ ብትቆሙ እሱ፣ የጥርስ ሐኪሜ እንኳ አፌን አስከፍቶኝ ስለሱ ነበር የሚጠይቀኝ።

እኔ ይገባዋል ባይ ነበርኩ። ነገሩ ያለ አድልዎ አልነበረም። የፔልሃም የፊት መስመር አሰልጣኝ የቬርና አንድ ልጇ ሬሚ ነው።

ሬሚን መስመር ማየት ያስተማረችው ራሷ ናት። ሰባት ዓመት ሲሞላው ጀምሮ አጠገቧ አስቀምጣ «ኳስ የያዘውንማ ሁሉም ሰው ያየዋል። አንተ ፊት ቆመው የሚገፉትን አምስቱን እይ» ትለው ነበር። አድጎ ራሱ ከአምስቱ አንዱ ሆነ፣ ጉልበቱ ሲሰበር አሰልጣኝ ሆነ። አባቱ ሲታመም በየሳምንቱ ሐሙስ አምስት ሰዓት ነድቶ እየመጣ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ አምስት ሰዓት ነድቶ ይመለስ ነበር።

የኮሚቴው ሕግ ግልጽ ነው። ዘመድ ያለበት ወይም ራሱ የሠራበት አባል ስለዚያ ቡድን ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል፣ ድምፅም አይሰጥም። ስለዚህ የዚያን እሑድ ጠዋት ሰብሳቢው ዶክተር ሃልቮርሰን «አሁን ስለ ፔልሃም ስቴት እንነጋገራለን» ሲል ቬርና መነጽሯን አጣጥፋ ወጣች። ሮይስ ታተም የሚባል ሽማግሌም አብሯት ወጣ። ሮይስ ፔልሃምን አሥራ ስምንት ዓመት ያሠለጠነ ሰው ነው፤ ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ሐውልት አቁመውለታል። ሐውልቱ ቆንጆ ነው፤ እሱን ግን አይመስልም።

በኮሪደሩ ላይ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የቡና ማሽን ነበር። ቬርና ቡና ስትቀዳ ኩባያው ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰ። ሮይስ ነው ብድግ ብሎ ኩባያውን የቀማት።

«አንቺ ሴት! እጅሽ እኮ ነው የሚቃጠለው!»

እጇን አየችው። ቀልቷል። «አዎ» አለች።

ሮይስ ከማሽኑ ሥር መሐረብ አንስቶ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ አመጣላት። እጇ ላይ አድርጎላት አጠገቧ ተቀመጠ። ሮይስ ግን ዝም ማለት አይችልም።

«አራት እኮ ያንሰናል» አለ። «ስድስትም ቢሰጡን ሲያንስ ነው። የኛ ልጆች በየቅዳሜው እርስ በርስ ሲሰባበሩ ይከርማሉ። እነዚያ ከማን ጋር ነው የተጫወቱት? ከላም ጋር?»

«ከአሥራ ሦስት ቡድን ጋር» አለች ቬርና።

«አሥራ ሦስት የላም መንጋ!» ብሎ ሳቀ። «ፔልሃም እኮ ውስጥ ከገቡት ከሦስቱ አንዱን አሸንፏል፤ በሰው ሜዳ። ይሄን ማን ያስታውሳል? የልጅሽ መስመር ነው ያን ቀን ያሸነፈው።»

«ጥሩ ተጫውተዋል።»

«ጥሩ ተጫውተዋል! እንደ አየር ትንበያ ነው እንዴ የምታወሪው?» አለና ፊቷን አየው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ቬርና። ኸርሼልን ረሳሁት። መምጣት አልነበረብሽም እኮ፤ ማንም አይቀየምሽም ነበር።»

«ቤት ሆኜም ያው ነው» አለች።

ኋላ ስትነግረኝ፣ በዚያች ሰዓት ለሬሚ ለመፍራት ሞክራ ነበር። ፔልሃም ካልገባ ዋናው አሰልጣኝ እንደሚባረር፣ እሱ ከተባረረ ሬሚም አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። ይህን ለራሷ ቀስ ብላ ደጋገመችው። «የሌላ ሰው ልጅ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተ። ስለ ፔልሃም የሚሉትን ጨርሰዋል። ሁለቱም ገቡና ቦታቸውን ያዙ።

አሁን የሚመጣው ነው ነገሩን ያበላሸው። እያንዳንዱ አባል ዓመቱን ሙሉ በቅርብ የሚከታተለው ኮንፈረንስ ይመደብለታል። የሰሜኑ ኮንፈረንስ ባለፈው የበጋ ወቅት ለቬርና ደርሷታል፤ ያኔ ማንም ትኩረት አልሰጠውም። ስለ ልጇ ቡድን መናገር አትችልም። ከልጇ ቡድን ጋር ለአንድ ቦታ ስለሚፎካከረው ቡድን ግን መናገር ግዴታዋ ነው። ሕጉ ይህን አላሰበበትም።

ዶክተር ሃልቮርሰን መነጽሩን አወለቀ። «ወይዘሮ ቬርና፣ ካልፈለጉ ሪፖርቱን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል። እንረዳለን።»

«እኔ ነኝ ያየኋቸው» አለች።

ወረቀት አላወጣችም። «አሥራ ሦስቱንም ጨዋታ አይቻለሁ። ስድስቱን ያየሁት ሆስፒታል ውስጥ፣ ባሌ አልጋ አጠገብ ሆኜ ነው። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ እያንዳንዱን እየመለስኩ ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁት። የፊት መስመራቸው አምስቱም ልጆች ሦስት ዓመት አብረው የቆሙ ናቸው። ኳስ ወርዋሪያቸውን ጠብቀውት ዓመቱን ሙሉ የተጣለው አራት ጊዜ ብቻ ነው። የተሸነፉት በአንድ ነጥብ ነው፣ በበረዶ ላይ። ሯጮቻቸው ፈጣን አይደሉም። ከኋላ የሚከላከሉትም አጫጭር ናቸው። ግን የሚሠሩትን ያውቃሉ።»

ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ አንድ የቀድሞ ተጫዋች እጁን አነሳ። «የደቡቡ ኮንፈረንስ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ስንት ያሸንፉ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንዲሁ በግምት።»

«አላውቅም አልኩ። እናንተም አታውቁም። እኛ ዘንድ መጥተው እንዲጫወቱ የጠራቸው የለም፤ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈው እንቢ ተብለዋል። የተሰጣቸውን ተጫውተው አሸንፈዋል። ለነሱ ይገባቸዋል ወይ ካላችሁኝ ይገባቸዋል። ከማን ይበልጣሉ ካላችሁኝ ግን ልመልስ አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

ሮይስ ጠረጴዛውን እያየ ነበር።

ድምፅ ሊሰጡ ሲሉ ሁለቱን እንደገና አስወጧቸው። ሮይስ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ፊቷ ቆመ። ፊቱ ቀልቷል።

«ሪፖርቱን ሌላ ሰው ያንብበው ብሎሽ ነበር እኮ! ዝም ብትዪ ማን ይጠይቅሽ ነበር? አሁን ምን እንዳደረግሽ ይገባሻል? በገዛ እጅሽ ልጅሽን ቀበ...»

ቃሉን ሳይጨርስ አቆመ። አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሄዶ በመስኮቱ በኩል የመኪና ማቆሚያውን ያይ ጀመር። ቬርና ልታጽናናው ፈልጋ እንደነበር፣ ግን ምን እንደሚባል እንደጠፋት ነገረችኝ።

እኛ እዚሁ ሉዊዚያና፣ ላፋዬት ከተማ ነበርን፤ እኔ ቤት፣ ከእኩለ ቀን በፊት፣ አሥራ ምናምን ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን። አሥራ አንዱ ስም ተጠራ። ካሜራው ፔልሃም ወሰደን፤ ተጫዋቾቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ማሊያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ከኋላ ረድፍ ሬሚ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ጮህንለት። ከዚያ የአሥራ ሁለተኛው ስም ወጣ፤ ቢተርሩት ስቴት። ካሜራው ሬሚን አንድ አፍታ አሳየንና ወዲያው ወደ ሞንታና ዘለለ፤ እዚያ ልጆች አንዱ በሌላው ላይ እየተከመሩ ነበር። የአጎቴ ልጅ ባርኔጣውን ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረ። «ቬርና የት ነበረች?» አለ። «እሷ ምን ትሠራ ነበር እዚያ?»

ሬሚ ለእናቱ የደወለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሆና።

«እማ።»

«እየሰማሁህ ነው።»

«ስለኛ ሲያወሩ የት ነበርሽ?»

«ኮሪደር ላይ።»

«ስለነሱ ሲያወሩስ?»

ከዚያ ክፍል ወሬ እንዳይወጣ ሁሉም ፈርመዋል። ቬርና በሕይወቷ የፈረመችውን አፍርሳ አታውቅም። «ውስጥ» አለችው። «የኔ ምድብ ናቸው። ተናግሬያለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ያየሁትን።»

ከበስተኋላው በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲያወራ ይሰማታል።

«እሺ እማ» አለ በመጨረሻ። «ምሳ በልተሻል?»

«በአውሮፕላኑ ላይ እበላለሁ።»

«እሺ።» ዘጋው።

ማክሰኞ ዕለት የፔልሃም ዋና አሰልጣኝ ተሰናበተ። ዓርብ ዕለት ደግሞ አዲስ የመጣው ሰው የራሱን ሰዎች ይዞ እንደሚመጣ ተናገረ። ሬሚና ሚስቱ ካሚል ቤታቸውን መሸከፍ ጀመሩ። እኔ ይህን ስሰማ ቬርና ቤት ሄጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለችውን ጠይቄ ከነገረችኝ በኋላ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ለእህት የማይባል ነገር ተናገርኳት።

«ለልጅሽ ስትዪ አንድ ቃል መዋጥ አቃተሽ? እነዚያ የሞንታና ልጆች ምንሽ ናቸው? ስማቸውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አለችና የአምስቱን ስም ከግራ ወደ ቀኝ ነገረችኝ።

በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

የገና በዓል ሲደርስ ሬሚና ካሚል እሷ ዘንድ መጡ። ጨዋታው ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ቢተርሩት ከኛው ኮንፈረንስ ሁለተኛ ከሆነው ቡድን ጋር። እኔም ሄድኩ፤ መቅረቱ የሚብስ መስሎኝ ነው። ቬርና ጋምቦ፣ በሩዝ የሚበላውን የኛን አገር ወፍራም ሾርባ፣ ሠርታ ነበር፤ ሩዙን ግን ረስታዋለች። ካሚል ተነስታ ጣደችው።

ሩዙ ሳይበስል አሥራ አራት ለዜሮ ሆነ። በእረፍት ሠላሳ አንድ ለሦስት። የኛዎቹ ሯጮች ከቢተርሩት ተከላካዮች ጀርባ እንደ መኪና ያልፉ ነበር። ተንታኞቹ መሳቅ ቀራቸው እንጂ ሁሉንም ብለዋል፤ ቦታ ባከነ፣ አራተኛው ከደቡብ መሆን ነበረበት፣ ኮሚቴው ማፈር አለበት። እኔ «አየሽ?» ልል አፌን ከፈትኩና ሬሚን አየሁት።

ሬሚ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የሚያየው። የሚያየው ኳሱን አይደለም።

«ግራ ጥግ ያለው ልጅ ማን ነው?» አለ።

«ኦስቪክ» አለች ቬርና። «የከብት አርቢ ልጅ ነው።»

«እግሩ ጥሩ ነው።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። «መስመሩስ አልተሸነፈም እማ። ከኋላቸው ነው ያለቁት።»

«ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አለ ሬሚ። ቁጣም የለበትም፣ ማጽናናትም የለበትም። «እኛም ብንገባ በነዚህ እንሸነፍ ነበር፤ በኦክቶበር ተሸንፈናል። ግን ይህን ያህል አይገባብንም ነበር።»

በመጨረሻ አርባ አምስት ለአሥራ ሦስት አለቀ። ሬሚ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ውሻውን ይዞ ወጣ። ቬርና ሳህን ልታጥብ ተነሳች፤ እኔም ፎጣ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ከተጣላንበት ቀን ወዲህ ብቻችንን ስንሆን የመጀመሪያችን ነው።

«ክፉ ተናግሬሻለሁ» አልኳት።

«ትክክል ነው ያልሽው።»

«ትጸጸቻለሽ?»

ውኃውን እንደከፈተችው ቆመች። «እየጠበቅሁት ነው» አለች። «ይመጣል ብዬ በየጠዋቱ እጠብቃለሁ። አልመጣም። ኸርሼልም ሲሞት እንዲሁ ነበር። ነርሷ ሰዓቱን ስትጽፍ አየኋት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጨዋታው እየሄደ ስለነበር አይኔ ወደዚያው ተመለሰ። ሦስተኛው ሩብ ነበር። እስኪያልቅ አየሁት።» ሳህኑን ሰጠችኝ። «ይህን ለማንም አልነገርኩም።»

ሳህኑን አደረቅሁት።

በጃንዋሪ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈች። ከክፍሉ ወሬ አውጥቻለሁ፣ ለልጄና ለእህቴ ነግሬያለሁ፣ ስለዚህ ልቀቁኝ አለች። ዶክተር ሃልቮርሰን ደውሎ ማንም የጠየቀ የለም፣ ባይነሳ ይሻላል ብሏት ነበር። እሷ ግን ተነስቷል አለችው። ሮይስ ታተም ደግሞ አንድ ካርቶን የፒካን ፍሬ ከቤቱ ዛፍ ላይ አስለቅሞ ላከላት፤ ውስጡ ምንም ጽሑፍ አልነበረውም።

ሬሚ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራ አላገኘም። በገባበት በር ሁሉ «በሚቀጥለው ዓመት» አሉት። በመጨረሻ ሚሲሲፒ ውስጥ ሃቲስበርግ አቅራቢያ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወሰደው፤ መስመሩን ያሠለጥናል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ታሪክ ያስተምራል። ካሚል «ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን አጠገቡ ወንዝ አለ» አለችኝ።

በማርች መጨረሻ ቬርና «ልምምዱን ላየው እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ ነዳሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገረች፣ አንዴ ስለ ነዳጅ፣ አንዴ ስለ ዝናብ። የእንጨት መቀመጫው ላይ ጃኬቶቻችንን አንጥፈን ተቀመጥን። ከታች ሬሚ አሥራ አምስት የማይሞላቸውን ልጆች አሰልፎ እንዴት እንደሚቆሙ ያሳያቸዋል። አንዱ ልጅ የራስ ቁሩ ሰፍቶት አይኑ ላይ እየወረደ ያስቸግረዋል። ሬሚ ደጋግሞ «ኳሱን ተውት! ኳሱ የናንተ ጉዳይ አይደለም!» ይላል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትነቃነቅ አየች። ሲያልቅ ሬሚ ወደ አጥሩ መጣ፤ ላብ በላብ ነው።

«እንዴት አየሽን?»

«ቀኝ በኩል ያለው ቶሎ ይነሳል» አለች። «መነሻውን ሳይጠብቅ።»

«ሁሉም ቶሎ ነው የሚነሱት እማ። ልጆች ናቸው።»

«እሱ ግን ይብሳል።»

ሬሚ ሳቀ፤ ትንሽ ነው፣ በአፍንጫው። «ነገ እነግረዋለሁ» አለና ሽቦው ላይ የነበረ እጇን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ፣ ኳሶቹን ሊሰበስብ ሄደ።

ስንመለስ ከከተማው ሳንወጣ ቬርና እንቅልፍ ወሰዳት። ራሷ መስኮቱ ላይ እየተጋጨ፣ አፏን ከፍታ ነበር የተኛችው። ሬዲዮው ላይ ሰዎች ስለሚመጣው ዓመት ይከራከሩ ነበር፤ ከደቡቡ ኮንፈረንስ አምስት ቡድን ይገባዋል የሚል አንድ ደዋይ ነበር። ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ተውኩት። ቤቷ ደጃፍ ስደርስ ትከሻዋን ነካኋት።

«ደረስን እንዴ?» አለች።

«ደርሰናል።»

«እሺ» አለች፤ ግን ከመኪናው አልወረደችም። እኔም ሞተሩን አጥፍቼ አብሬያት ተቀመጥኩ።